የአቃቂዋ ላዳ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬው ረጅም ነው፣ እኔም አልቸኩልም። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ላዳ ነው። አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ስለኖረች፣ ሰማያዊና ነጭ ስለተቀባች ላዳ፣ ባለቤቷም ምን ላድርጋት ብሎ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል እስኪያልፍ ስለተጨነቀባት ነው።

ባለቤቷን በስሙ አልጠራውም። እኔና እሱ እኩዮች ነን፣ አንተ እንባባላለን፤ የሰፈሩ ልጆች ግን ጋሼ ይሉታል፣ እኛም ዛሬ ጋሼ እያልን እንቀጥል። ጋሼ ጉልምስናውን ሁሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ ሰው ነው። አቃቂን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማችንን ያቆሟት ባቡርና ፋብሪካ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጨርቃ ጨርቁ መጣ፣ ብረታ ብረቱ መጣ፣ መለዋወጫ ፋብሪካው መጣ፣ ሰዉም በፈረቃ እየገባ በፈረቃ እየወጣ ልጅ አሳደገ። ጋሼም ከፋብሪካው ሲሰናበት በተሰጠው ገንዘብ ላይ የእቁብ ዕጣውን ደረበ፣ ደርቦም ላዳዋን ገዛ፣ ገዝቶም ታክሲ ነዳባት፣ በዚያችው ታክሲ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃ።

ላዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ወደ እኛ የመጣችው በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ነው፣ ዘሯን ብትቆጥሩ ግን ጣሊያን ትደርሳላችሁ። በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለው የቶልያቲ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዋን ሲያወጣ የፊያት 124ን ንድፍ ወስዶ ነው፤ ወስዶም የአገሩን መንገድ አየና ላሜራዋን አወፈረው፣ ከመሬትም ከፍ አደረጋት፣ የኋላ ፍሬኗንም ለጭቃና ለበረዶ እንዲመች ቀየረው። ያ ሁሉ ጥንካሬ ለሩሲያ በረዶ የታሰበ ነበር፣ የእኛን ኮረኮንችና የእኛን ዋልካም ቻለው። ጋሼ ሲገዛት ወጣት አልነበረችም፤ ቢሆንም ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳ ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የጋሼ ላዳ ቀን ቀን የጋሼ ነበረች፣ ሌሊት ግን የሁላችን ነበረች። ሴት ስታምጥ፣ ሽማግሌ ልቡን ሲይዘው፣ ሕፃን በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው በባዶ እግሩ ሮጦ የሚያንኳኳው የጋሼን በር ነው። እሱም ጋቢውን እንደደረበ ይወጣል፣ ስንት ትከፍለኛለህ ብሎም አይጠይቅም፣ ኋላ ያለው ይሰጠዋል፣ የሌለውም ይመርቀዋል። ዛሬ በስልክ ተጠርቶ የሚመጣ መኪና አለ፣ እነራይድ፣ እነፈረስ አሉ፣ ከተማው ተለውጧል፤ ነገር ግን በሌሊት፣ በክረምት፣ ውኃ በሞላው ጉራንጉር ውስጥ፣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የሚያውቀውን በር ነው።

ሕመሟ የጀመራት በጥር ነው። ለሰርግ ወደ ቢሾፍቱ ወርደን ነበር፤ ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ እኔ፣ ከኋላችንም የሰርጉ ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፣ ገላንን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ግን ፀሐይዋ ሞቀች፣ በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፣ በግራችን የረር፣ ወደ ፊት በቀኝ ደግሞ ዝቋላ ጥርት ብለው ይታያሉ። ቁልቁለት ነውና ላዳዋ እየዘፈነች ወረደች። ሰርጉም አማረ፣ በልተንም ጠጥተንም ማታ ላይ ተነሣን፣ ተነሥተንም ሽቅቡን ስንይዝ፣ ዱከም ስንደርስ፣ ከኮፋኖዋ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ጋሼ ጥጉን ይዞ አቆመ። ወረደና መዳፉን በኮፋኖው ላይ አኖረ፣ እንደ ታማሚ ግንባር፣ ምንም ሳይናገር ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ጨርቅ አምጡ አለ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ጥቂት ጥቂት እያላላ አስተነፈሳት፣ አንድ የመንገድ ዳር ልጅም በጀሪካን ውኃ አመጣልን፣ ሞተሩ እስኪበርድ በማታው ቁር ተቀምጠን ጠበቅን። እነዚያ ሊፋን የሚባሉት አዳዲስ መኪናዎች ሲገጣጠሙበት የኖረው የኢንዱስትሪ ዞን መብራቱ ከወዲያ ይታየናል። ባለቤቱ ብቻ ድንገት፣ «ሰማህ ወይ፣ ደክሟታል» አለችው። እሱም «ውኃ ጠምቷት ነው» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካን ከላዳዋ ጀርባ አልጠፋም። ውኃ ትጠጣለች፣ የት እንደምታደርሰው አይታወቅም፤ ከሥሯ ጠብታ የለም፣ ጭሷ ግን ነጣ፣ ነጥቶም ወፈረ። ጋሼ አየ፣ አይቶም ዝም አለ። አትፍረዱበት። እንጀራ ያበላችን ነገር ታመመች ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ለማንም ይከብዳል።

ከዚያ ነሐሴ 2017 መጣ። ያን ጊዜ የነበረውን ዝናብ አቃቂ አይረሳውም። የከተማው ውኃ ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚወርደው፤ ትልቁ አቃቂም ትንሹ አቃቂም የሸገርን ጎርፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሲጓዙ እኛን ሳያዩ አያልፉም። በአንዱ ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የጎረቤታችን እናት «ጋሼ! ድረስልኝ፣ ልጄ ምጥ ይዟታል!» እያለች በሩን መታች። ጋሼ ወጣ፣ እኔም ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ ልጅቱን ከኋላ አስገባናት፣ እናቷ ራሷን በጉያዋ ያዘች። ላዳዋ ተነሣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልን፣ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም መንገድ ጀመርን። ገና ዋናውን አስፋልት ይዘን ብዙም ሳንሄድ ጉልበቷ ከዳት፣ ተንተፋተፈች፣ ቆመች። ጋሼ ቁልፉን አዞረ፣ ደግሞም አዞረ፣ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ሞተሩ ግን መልስ የለውም። ወርደን ገፋን። እግራችን በዋልካው ተያዘ፣ ዝናቡ ዓይናችንን መታው፣ ልጅቱ ከውስጥ «እማዬ! እማዬ!» ትላለች፣ ጋሼ ደግሞ በመስኮት በኩል መሪውን ይዞ እየገፋ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ ልጄ» ይላል፣ ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም።

ከመቂ በኩል ሽንኩርት ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ መብራቱን አበራብን። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ቆመ፣ አየ፣ አንድም ቃል ሳይጠይቅ ረዳቱን ከጋቢና አወረደው፣ እናትና ልጅን አሳፈረ፣ ጭነቱን እንደያዘ መንገዱን ትቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሴት ልጅ ተወለደች፣ እናቲቱም ደኅና ናት፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንዳትሰጉ ነው። ረዳቱና እኔ ላዳዋን ጥግ አስያዝን። ጋሼ ግን ከመሪው ሥር ገብቶ ተቀመጠ፣ ቤት እንሂድ ብለው እንቢ አለኝ፣ እዚያው ነጋበት።

ማንም አልወቀሰውም። የልጅቱ እናት በነጋታው ገንፎ ይዛ መጥታ እጁን ሳመችው። ይህ ነው ይበልጥ የጎዳው።

መካኒኩ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ጋሼ ትምህርት ቤት ያደረሰው፤ መጥቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፣ በስንት መከራ አስነሣትና እዩ አለን። ውኃው ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ከዚያ ዘይቱን አወረደው፤ ከውኃ ጋር ተደባልቆ ነጥቷል። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ፤ «በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለችው ጓርኒሲዮን ተቃጥላለች፣ ውኃው ወደ ዘይቱ፣ የሚነደውም ጋዝ ወደ ውኃው ይገባል። እሷ ብቻ ብትሆን ቀይረን እንገላገል ነበር፣ ነገር ግን ሙቀቱ ቴስታታውን አጣምሞታል፣ ኩሽኔታዎቹም በተበላሸ ዘይት ሲፋጩ ከርመዋል። ሞተር ማውረድ ነው፣ ወይም ሌላ ሞተር መግዛት።» ጋሼም «ከዚያስ በኋላ ሌሊት ላምናት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ መሬት መሬት አየ። «ሞተሩን አምነዋለሁ፤ ፍሬኑም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም፣ ላሜራውም ግን ከሞተሩ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው።»

እሁድ ልጆቹ ተሰበሰቡ፣ ቡናም ተፈላ፣ ክርክሩም ተጀመረ። ትልቁ ልጅ ሽጣት አለ። ሴቷ ልጅ «አባዬ፣ አንተም እረፍ፣ እሷንም አሳርፋት» አለች። ባለቤቱ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «እኔ ስንቱን ቀን በእሷ ነው የበላሁት» አለች፣ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ደላላውም ወሬ ሸቶት መጥቶ ነበርና ስኒውን ይዞ አስረዳን፤ አሁን እኮ አሮጌ መኪና አሮጌ አይባልም አለ። እውነቱን ነው፣ ይህን ነገር ጥቂት ላብራራው።

ድሮ ኤክሳይዙ የሚያየው የሞተሩን ስፋት ነበር፣ ዕድሜውን አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላው አገር የጠገበውን መኪና እኛ አመጣነው፣ ጎዳናችንም በአሮጌ መኪና ሞላ። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ነገሩን ገለበጠው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባረጁት ላይ ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ቀጥሎም በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ፣ የሚገባው የኤሌክትሪክ እንደሆነ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮት ወጣ። እኔ የአዋጆቹን ሐሳብ አልጠላሁትም። ጭስን አቃቂ ያውቀዋል፣ የፋብሪካም የመኪናም፤ የልጆቻችን ደረት ያውቀዋል። የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ የራሳችን ኃይል እያለን በውጭ ምንዛሪ ነዳጅ መግዛት ያሳዝናል። ነገር ግን አዲሱን መግዛት ያልቻለው ሰው አሮጌውን ሙጥኝ አለ፣ አሮጌውም በአንድ ጊዜ ታመመም ተወደደም፣ የታመመውም መኪና ወደ ባሰው ድኃ እጅ መውረዱን ቀጠለ። ሸክሙ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፣ ይህንንም ዝም ብዬ ባልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ጋሼ ወዲያው አልወሰነም። ከመካኒኩ ጋር መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። እዚያ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ በር ለብቻው ተሰቅሏል፣ ካምቢዮ ለብቻው ተደርድሯል፣ ዲናሞ በዘይት ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ሻጩም ዕቃውን በጨርቅ እየወለወለ የየትኛው መኪና፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ በቃሉ ይነግራችኋል። የላዳ ሞተር ተገኘ። ዋጋውን ሲነግሩት ጋሼ ደግመህ ንገረኝ እንኳ አላለም፣ አመስግኖ ወጣ። እየወጣን ሳለ አንድ ሌላ ባለላዳ፣ እንደኛው ፀጉሩ የሸበተ፣ የግራ የፊት በር ሲጠይቅ ሰማነው። የለም ይሉታል፣ ነገ ተመለስ ይሉታል፤ እሱም ከሩቅ እየመጣ መመላለሱን ያስረዳቸዋል። ጋሼ ቆም ብሎ አደመጠው። ወደ አቃቂ ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ አልተናገረም።

በመስቀል ማግስት ደላላው ገዢ አመጣ። ከመምጣቱ በፊት ግን ጋሼን ጥግ ወስዶ መከረው፤ ወፍራም ዘይት እንሙላባት፣ ጭሱን ይቀንሰዋል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ማሸጊያ እንጨምር፣ አረፋውን ለሳምንት ያቆመዋል፣ ሞተሩን እናሳጥብ፣ ሰውየው ሳይደርስም አሙቀን እናቆያት አለው። ሰባራውን ጠጋግኖ ማስረከብ በዚህ ንግድ የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰውም እንደ ብልኀት ያየዋል። ጋሼ ሰምቶ ዝም አለ።

ገዢው ወጣት ነው፣ ቃሊቲ በጥበቃ ሥራ የሚሠራ፤ መንጃ ፈቃዱን ገና በቅርቡ አውጥቷል፣ የእቁብ ብር ወጥቶለታል፣ ከዘመድም ተበድሯል። ሚስቱ አብራው መጥታለች፣ የሆዷ ወር ገፍቷል። እሷ ከኋላ ወንበር ገብታ ተቀመጠች፣ ወንበሩን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች፣ «ትመቻለች» አለች። ያ የተቀመጠችበት ቦታ የትኛው እንደሆነ እኔም ጋሼም አወቅን፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ጋሼ ወጣቱን ከጎኑ አስቀመጠው። «ልጄ፣ ስማኝ» አለና ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጓርኒሲዮኗ፣ ስለ ተጣመመው ቴስታታ፣ ስለ ኩሽኔታው፣ ዱከም ላይ ስለቆመችው፣ ስለዚያች ሌሊትም ነገረው። ዋጋውን ዝቅ ላድርግልህ አላለም፣ አትግዛም አላለም፤ ያለውን ሁሉ ነገረውና ጨረሰ። ደላላው ገና በሁለተኛው ቃል በሩን ወርውሮ ሄዷል። ወጣቱ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ፣ ከዚያ ወረደ፣ ሚስቱን ደግፎ አወረዳት። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሲሄዱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘናቸው።

ያን ማታ ጋሼ ቆረጠ። ለመካኒኩ ደወለና «ነገ መፍቻህን ይዘህ ና» አለው።

ፈቷት። ሥራው ቀላል አልነበረም፣ ጋሼም እያንዳንዱን ቡሎን ራሱ ለየ። ካምቢዮዋ ደኅና ነበር፣ ዲናሞዋ ደኅና ነበር፣ ራዲያተሯ ታጥቦ ይሠራል፣ መስታወቶቿ አንድም አልተሰነጠቁም። የግራ የፊት በሯን ያ ሶማሌ ተራ ያየነው ሰው ወሰደው፤ መካኒኩ በባለላዳዎቹ በኩል አፈላልጎ አገኘው፣ መጥቶ በሩን ታቅፎ ሲሄድ ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። ከሳሪስም፣ ከቃሊቲም፣ ከቄራም ባለላዳዎች መጡ። ጋሼም ለእያንዳንዱ ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ግን የቀረው ጥቂት ዕድሜ ነው እያለ ነገራቸው። ዋጋውም እሱ ከፈራው የተሻለ ሆነ፣ ደላላው ከተመኘው ግን ብዙ ያነሰ።

ደላላው አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ ሊብሬውንና ሰሌዳውን ብቻ ሽጥልኝ አለው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባችሁ ገብቷችኋል፤ ሰነዱ ምንጩ በማይታወቅ ሌላ መኪና ላይ ሊውል ነው። ጋሼ ሊብሬውን በፖስታ አድርጎ፣ ሰሌዳውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከልጁ ጋር ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደና ወረፋ ይዞ አስረከበ፣ መረከቢያ ወረቀቱንም አስፈርሞ ተመለሰ። ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል።

የቀረ ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ እድራችን ተሰበሰበ። ለቅሶው፣ መዋጮው፣ የድንኳኑ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ጋሼ እጁን አወጣ። «ሌሊት የሚንኳኳው በር የእኔ ነበር» አለ። «አሁን መኪና የለኝም። ልጆቻችን ግን መውለዳቸውን አልተዉም፣ እኛም መታመማችንን አልተውንም። በዚህ እድር ውስጥ መኪና ያለው ማን ነው?» ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ወጣት ተነሣ፣ በባንክ ብድር የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ፤ ማታ ማታ ቤቴ ቻርጅ አደርጋታለሁ፣ ጥዋት ሙሉ ናት፣ ሌሊትም ብትጠሩኝ አለሁ አለ። ሁለተኛም አንድ ባለቪትዝ ተነሣ። ባለሚኒባሱም ተነሣ፣ ሚስቱ እጀጠባቡን ብትጎትተውም ተነሣ። ፀሐፊው ወረቀት አወጣና ተራ ደለደለ፤ የሳምንቱ ቀናት በግራ፣ የባለመኪናው ስምና የቤቱ አቅጣጫ በቀኝ፣ ስልኩም ከጎኑ። በክረምት ሁለት ሰው እንዲመደብም ተስማማን፣ አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲደርስ። ስለ ነዳጅ ወጪው ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ኋላም ከእድሩ ካዝና እንዲከፈል በድምፅ አለፈ።

ዝርዝሩ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ከሱቁ በርም ላይ አንድ ቅጂ አለ። ከሁሉ ግርጌ የጋሼ ስም ተጽፏል፣ ከስሙ ጎንም ፀሐፊው በእጁ ጽሑፍ፣ «መኪና የለውም፤ ሹፌር ከጠፋ ይቀስቀስ» ብሎ አክሎበታል።